የአንድ ቀን ከተማ፦ ቢዝታውንን ከውስጥ ያየ ወላጅ ግምገማ

እቃቃ እየተጫወትን ያደግን ሰዎች ቆርኪ ገንዘብ፣ የተገለበጠ ካርቶን ደግሞ ባንኮኒ እንደነበረ እናስታውሳለን። በዚያ ጨዋታ ውስጥ መደመርና መቀነስ፣ ማስማማትና መከራከር ሁሉ ነበረበት፤ ሆኖም ከትምህርት የሚቆጥረው ሰው ስላልነበረ «ይህን ትታችሁ አጥኑ» ነበር የምንባለው። ዘንድሮ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከሆነችው ልጄ ጋር በበጎ ፈቃደኝነት አንድ ሙሉ ቀን የዋልሁበት ቢዝታውን ይህንኑ ጨዋታ ሥርዓተ ትምህርት አበጅቶለት ለአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚያቀርብ አገልግሎት ነው። ባለቤቱ በ1919 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተመሠረተው ጁኒየር አቺቭመንት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የታሰበው ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው።

ብዙ ወላጅ ቢዝታውን ሲባል የአንድ ቀን ሽርሽር ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ልጆቹ ወደ ማዕከሉ ከመሄዳቸው በፊት መምህራቸው በክፍል ውስጥ ተከታታይ ትምህርቶችን ይሰጣቸዋል፤ የባንክ ሒሳብ አያያዝ፣ ግብር ለምን እንደሚከፈል፣ የሥራ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ፣ የዋጋ አወጣጥ እና የንግድ ብድር የሚማሩት በዚህ ጊዜ ነው። በጉብኝቱ ዕለት ትናንሽ ሱቆች፣ ባንክ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሬዲዮ ጣቢያና ጋዜጣ ያሉበት በአንድ ጣሪያ ሥር የተሠራ ከተማ ይረከባሉ። ከንቲባውን መርጠው፣ የየድርጅታቸውን ብድር ወስደው፣ ደመወዛቸውን ተቀብለው ባንክ ያስገባሉ፤ ከዚያም በፈረቃ እየወጡ የጓደኞቻቸውን ሱቅ ይጎበኛሉ።

አገልግሎቱ ያስደሰተኝ በጌጡ አይደለም። እኔን የማረከኝ ልጆቹ ለሚገዙት ዕቃ የሚጽፉት ቼክ ነው። ገንዘቡን በአኃዝና በፊደል መጻፍ ለእኛ ለወላጆች ተራ ነገር ቢሆንም፣ ለአሥር ዓመት ልጅ የቁጥርን አጻጻፍ፣ የነጥብን ቦታና የእጅ ጽሕፈትን በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ የሚፈትን ሥራ ነው። ከቼኩ ጋር ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ገቢውን፣ ወጪውንና ቀሪ ሒሳቡን የሚመዘግብበት ቅጽ ይዞ ይዞራል። ልጄ በ3 ዶላር ከ50 ሳንቲም የገዛችውን ዕቃ 3.05 ብላ መዘገበችና፣ በባንክ ያላት 5 ዶላር ሆኖ ሳለ በቅጿ ላይ 5.45 ተገኘ። ቀጥላ የ5 ዶላር ከ25 ሳንቲም ቼክ ጻፈች። ባንኩ ውስጥ የተቀመጠው የክፍል ጓደኛዋ ጠርቶ 25 ሳንቲም እንደጎደላት በጣም በኩራት ነገራት። የነጥብ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ በብዙ ግዛቶች የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት አካል ስለሆነ ይህችኑ ስሕተት በደብተሯ ላይ መምህሯ ሁለት ሦስት ጊዜ አርመውላታል፤ ከባንክ ተጠርታ ካረመችው ወዲህ ግን ዜሮዋን ከነጥብ በፊትና በኋላ ስታስቀምጥ ቆም ብላ ታስባለች።

እኔ የተመደብሁበት ሱቅ ፈንዲሻ ይሸጥ ነበር። ልጆቹ የዕቃውን ዋጋ፣ የመብራቱን ክፍያ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያውን ወጪና የሠራተኛ ደመወዙን ደምረው አንዱን ከረጢት በ2 ዶላር ለመሸጥ ተስማሙ። በመጨረሻው ፈረቃ ገደማ ግማሹ ፈንዲሻ ሳይሸጥ ቀርቶ ነበር፤ ብድሩም ገና አልተከፈለም። ዋጋው ወደ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይውረድ የምትለው ሥራ አስኪያጇና «ከወረደማ ከስረናል» የሚለው የሒሳብ ኃላፊ ያደረጉት ክርክር በሕይወቴ ከሰማኋቸው የማባዛት ትምህርቶች ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ያልተሸጠ ከረጢት ዜሮ እንደሚያስገባ ለማስረዳት ወረቀት ላይ ሁለት ሠንጠረዥ ሠርተዋልና። እኔ ግን እዚህ ላይ ጥፋት አጠፋሁ። የልጆቹ ክርክር ሲረዝምብኝ ስልኬን አውጥቼ ውጤቱን አስልቼ ነገርኋቸው። ሁለቱም ዝም አሉ፤ ሠንጠረዡም ሳያልቅ ቀረ።

አሁን ወደ ነቀፌታዬ ልግባ። ልጁ የሚያገኘው ትምህርት የሚወሰነው በሚሰጠው የሥራ መደብ ነው። የሒሳብ ኃላፊ የሆነ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከብድር፣ ከደመወዝና ከሽያጭ ጋር ሲታገል ይውላል፤ የጋዜጣ ዘጋቢው ይጽፋል፤ የሬዲዮ አቅራቢው ማስታወቂያ ያነብባል፣ ሙዚቃም ያጫውታል፣ ከራሱ የባንክ ቅጽ ውጭ ግን ከቁጥር ጋር እምብዛም አይገናኝም። ሒሳብ የሚፈራ ልጅ ለሒሳብ ኃላፊነት አያመለክትምና ትምህርቱ እጅግ የሚያስፈልገው ልጅ ከትምህርቱ እንዲርቅ በሩ ክፍት ነው። ወላጆች ልጃቸው ለየትኛው ሥራ እንዳመለከተ ቀደም ብለው ቢጠይቁና ከመምህሩ ጋር ቢነጋገሩበት መልካም ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሥር የሰደደ ነው። በቢዝታውን ልጁ ድርጅት ያስተዳድራል እንጂ አይመሠርትም። የሱቁ ዓይነት፣ ዕቃውና የወጪ ዝርዝሩ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ብዙዎቹ ሱቆችም የእውነተኛ ኩባንያዎችን ስምና ምልክት የለጠፉ ናቸው። ኩባንያዎቹ ወጪ እንደሚሸፍኑ ቢገባኝም፣ ስለ ማስታወቂያ የሚማር ልጅ በማስታወቂያ ተከብቦ መዋሉ አላስደሰተኝም። በዚህ ረገድ ማሪሊን ኩሪልስኪ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ያዘጋጁት ሚኒ ሶሳይቲ ይሻላል እላለሁ፤ በዚያ ልጆቹ በክፍላቸው ውስጥ የሚያጋጥማቸውን የዕቃ እጥረት መነሻ አድርገው ገንዘባቸውን ራሳቸው ይሰይማሉ፣ የሚሸጡትንም ራሳቸው ይፈጥራሉ። ጆርጅ ሪችመንድ በኒው ዮርክ ብሩክሊን ያስተምሩ በነበሩበት በ1967 እ.ኤ.አ. የጠነሰሱት፣ በኋላም በ1981 በማሳቹሴትስ ሎውል ከተማ አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት የተከፈተበት ማይክሮ ሶሳይቲም ከተማውን የአንድ ቀን ሳይሆን የዓመት ሥራ ያደርገዋል። ዓመቱን በሙሉ የሚቆይ ስሕተትና የሚከፈል ዕዳ ያለው ልጅ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ መጥቶ ከዕዳው ከሚያወጣው ልጅ የበለጠ እንደሚማር አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ጊዜ የሚመድብ ትምህርት ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ለእኛ ማኅበረሰብ ልጆች ለብቻው መነሣት ያለበት አንድ ጉዳይ የሥራ ማመልከቻው ነው። ልጄ «ለዚህ ሥራ የምመጥነው ለምንድን ነው» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንድትጽፍ ስትታዘዝ ብዙ ተቸግራለች። በቤታችን ራስን ማወደስ ነውር፣ ታላቅን ትክ ብሎ ማየትም ድፍረት ነው፤ ቃለ መጠይቁ ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቃል። መጀመሪያ የጻፈችው «ጥሩ ተማሪ ነኝ ይላሉ» የሚል ነበር። «ይላሉ» የምትለዋን ቃል ለመሰረዝና «በየሳምንቱ ከአባቴ ጋር የቤት አስቤዛ ሒሳብ እሠራለሁ» በሚል ማስረጃ ለመተካት ሁለት ምሽት ፈጅቶብናል። ከፕሮግራሙ የጽሑፍ ትምህርት ሁሉ ከፍ አድርጌ የማየው ይህንን ነው፤ ልጁ ስለ ራሱ የሚያቀርበውን ነገር በማስረጃ እንዲደግፍ ያስገድደዋልና።

ፕሮግራሙ ያለ በጎ ፈቃደኛ ወላጆች አይንቀሳቀስም። በፈረቃ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ ወይም ሱቅ የሚጠብቁ ወገኖቻችን በሥራ ቀን አንድ ሙሉ ቀን መተው እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛችን አይበቃም ብለው የሚሸማቀቁም አሉ። ሆኖም ሥራው ንግግር የሚጠይቅ አይደለም፤ ቅጹ ቀላል ነው፣ ልጆቹም አስቀድመው ተምረውታል። እንዲያውም የራሱን ሱቅ የሚያስተዳድር፣ የዱቤ ደብተር የሚያውቅ ወላጅ ከቢሮ ሠራተኛው ይልቅ ለዚያ ሱቅ ይጠቅማል፤ በዚያ ከተማ ዱቤ የሚባል ነገር ባይኖርም።

በጥቅሉ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የጎደለው አንዱ ለተዘጋጀው ሱቅና ለሎጎዎቹ ነው። የልጄ ታናሽ ወንድም ከሁለት ዓመት በኋላ ተራው ይደርሰዋል፤ በበጎ ፈቃደኝነት እንደገና እመዘገባለሁ፣ ስልኬን ግን መኪና ውስጥ ትቼ እገባለሁ።