ለአንሲላቭ ሠሪዎችና ለቫይለር ከልብ የመነጨ ምስጋና፤ የድሮ የጽሑፍ ሥዕል በተርሚናል ለምትከፍቱም ጥቆማ

የድሮ የጽሑፍ ሥዕልን ወደ ምስል ፋይል የሚለውጠውን አንሲላቭ የተባለ ፕሮግራም ለሠሩልን ለስቴፋን ቮግት፣ ለብራያን ካሲዲና ለፍሬድሪክ ካምቡስ፣ እንዲሁም የድሮ ፒሲዎችን ፎንት ነጥብ በነጥብ ለቅመው በነጻ ላወጡት፣ በቫይለር ስም ለሚታወቁት ባለሙያ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ባይኖር የአንሲ ሥዕል፣ ማለትም በፊደል፣ በብሎክና በቀለም ኮድ የተሠራ ሥዕል፣ ዛሬ በትክክል ማየት እጅግ አድካሚ ይሆን ነበር። ለሚያስፈልገው ሰው ሁሉ እንጠቁማለን፤ አጠቃቀሙንም አብረን እንጻፍ።

ከቢቢኤስ (በስልክ መስመር የሚገባበት የመልእክትና የፋይል ሰሌዳ) እና ከሞደም ዘመን የተረፈ ፋይል በዛሬ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ በቀጥታ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የጥያቄ ምልክት ይሞላዋል። ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት። ሠዓሊው የሠራው ለዶስ (የድሮ ፒሲዎች ሥርዓተ ክወና) ስክሪን ነው፦ 80 ዓምድ፣ 25 መስመር፣ 16 ቀለም፣ ኮድ ፔጅ 437 የተባለ የምልክት ሰንጠረዥ። ፋይሉ ውስጥ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም፤ ተርሚናሉም ገምቶ አያውቀውም።

ከኮዱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣው ኮድ ፔጅ 437 እያንዳንዱን ምልክት በአንድ ባይት ያስቀምጣል። 219 ሙሉ ብሎክ ነው፤ 220 የታችኛው ግማሽ፣ 223 የላይኛው ግማሽ፤ 176፣ 177 እና 178 ደግሞ ከሳሳ ወደ ደመቀ የሚሄዱ ጥላዎች ናቸው። የዛሬ ተርሚናሎች በሚጠቀሙበት የጽሑፍ ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ግን ከ127 በላይ የሆነ ባይት ለብቻው ሲመጣ ትርጉም የለውም፤ የጥያቄ ምልክቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ተከፍቶ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሲሆን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ችግሩ አንድ ነው፤ ባይቱ አለ፣ መፍቻው የለም።

መፍቻው አይኮንቭ የተባለው የጽሑፍ ኮድ መለወጫ ትእዛዝ ነው። መነሻውን ሲፒ437፣ መድረሻውን ዩቲኤፍ-8 አድርጋችሁ ፋይሉን አሳልፉት። ቀለምና ጠቋሚ የሚያዙት ትእዛዞች በባይት 27 ስለሚጀምሩ ሳይነኩ ያልፋሉ። ከ32 በታች ያሉትን ግን አይኮንቭ እንደ መቆጣጠሪያ ኮድ ስለሚያልፋቸው፣ በዶስ ስክሪን ላይ ልብ የሚሆነው ባይት 3 እና ፈገግታ የሚሆነው ባይት 1 ሥዕሉ ላይ አይወጡም፤ እነሱን ለብቻ መተካት ነው። አሚጋ ከተባለው ኮምፒውተር የመጣ ሥዕል ከሆነ 437ን ተዉት፤ የእሱ ኮድ ላቲን-1፣ የለመደው ፎንትም ቶፓዝ ነው።

ኮዱ ተስተካክሎም ሥዕሉ እንደ ተቀደደ ወረቀት የሚበታተን ከሆነ ስፋቱን ተመልከቱ። ዶስ 80ኛው ዓምድ ላይ ፊደል እንዳስቀመጠ ጠቋሚውን ራሱ ወደ ታች ያወርዳል። ስለዚህ ብዙ ሠዓሊዎች በሞላ መስመር መጨረሻ ላይ የመስመር መስበሪያ አያስገቡም ነበር። መስኮታችሁ 120 ዓምድ ከሆነ የሁለተኛው መስመር ግማሽ ከመጀመሪያው ጎን ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። መስኮቱን ልክ 80 አድርጉት፤ 79 ወይም 81 አይሆንም። ኤስቲቲዋይ በተባለው የተርሚናል ማስተካከያ ትእዛዝ የዓምድ ቁጥር መቀየርም አይረዳም፤ ቁጥሩን ለፕሮግራሞች ይነግራል እንጂ መስኮቱን አያጠበውም።

ከ80 የሰፋ ሥዕልም አለ፤ ይህን ከሶስ ታገኙታላችሁ። ሶስ በፋይሉ ጫፍ የሚቀመጥ የ128 ባይት መዝገብ ሲሆን ርእስ፣ የሠዓሊ ስም፣ ቡድን፣ ቀንና ስፋት ይይዛል። ከሥዕሉ የሚለየው ባይት 26 ነው። ዶስ ፋይሉን ሲያሳይ እዚያ ላይ ያቆማል፤ ዩኒክስ ግን አልፎ ያነበዋል፤ ከሥዕሉ ሥር ትርፍ ጽሑፍ የምታዩት ለዚህ ነው። ቅጂ አድርጋችሁ ከቅጂው ላይ ቁረጡት። ከዋናው ፋይል በፍጹም አትቁረጡ፤ ሠዓሊው ማን እንደሆነ የሚናገረው ብቸኛ ማስረጃ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ስክሪኑ ላይ ያለውን አጥፋ የሚለው በፋይሉ ውስጥ ያለ ትእዛዝ በዶስ ስክሪኑን አጽድቶ ጠቋሚውን ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ይመልሳል። የዛሬዎቹ ተርሚናሎች ያጸዳሉ፣ ጠቋሚውን ግን ካለበት አያነሱትም። ውጤቱ ከመሀል የሚጀምር ሥዕል ነው። ስክሪን የሚያጸዳውን የክሊር ትእዛዝና ማሳያውን ትእዛዝ በአንድ መስመር አያይዛችሁ ብታስኬዱ ይስተካከላል። ለማሳያ ፋይሉን እንዳለ የሚያፈሰው የካት ትእዛዝ ይበቃል። ገጽ በገጽ የሚያሳየው ሌስ ቀለሙን ቢያሳልፍም የጠቋሚ እንቅስቃሴ ስለማይከተል ለእንዲህ ያለ ሥዕል አይሆንም።

ቀለሙ ላይ ሁለት ነገር ፈትሹ። በቪጂኤ (የዘመኑ ፒሲዎች የስክሪን ካርድ) 6 ቁጥር ቀለም ቡናማ ነው፤ ቀይ 170፣ አረንጓዴ 85፣ ሰማያዊ 0። ብዙ ተርሚናል ቦታውን በደብዛዛ ቢጫ ስለሚሞላው የእንጨትና የቆዳ ቀለም ሁሉ ይታመማል። ሁለተኛ፣ ደማቅ ቀለም በፋይሉ ውስጥ የሚታዘዘው ፊደል በሚያወፍረው ኮድ ነው፤ ወፍራም ጽሑፍ በደማቅ ቀለም ይታይ የሚለውን ምርጫ ካላበራችሁ ሥዕሉ ጨልሞ ይቀራል። ዳራው ብልጭ ድርግም ካለባችሁ ደግሞ ሠዓሊው የብልጭታውን ኮድ ለደማቅ ዳራ ተጠቅሞበት ይሆናል፤ አይስ ከለር የሚባለው ይኸው ነው።

የቫይለር የፎንት ጥቅል ዋጋው የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ከውስጡ አይቢኤም ቪጂኤ 8 በ16ን ምረጡ፤ መጠኑ 16 ፒክስል ወይም እጥፉ 32 ይሁን፣ በመካከል ያለ ቁጥር ነጥቦቹን ያደበዝዛቸዋል። የመስመር ክፍተቱን 1 ላይ አድርጉት፤ ትንሽ ከበለጠ በብሎኮቹ መካከል አግድም ጭረት ይወጣል። ፎንቱ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ለሥዕል የተለየ ፕሮፋይል ክፈቱለት፤ የዕለት ተዕለት ተርሚናላችሁ አይነካ።

ሥዕሉን ለሰው ለመላክ ወይም ለማተም ከፈለጋችሁ ግን ከተርሚናሉ ጋር አትታገሉ፤ ለአንሲላቭ ስጡት። ፋይሉን ወስዶ ፒኤንጂ የተባለ የምስል ፋይል ያወጣል፤ መለወጥ አያስፈልገውም፣ 437ን ራሱ ያውቀዋል። አይስ ከለርን በትንሿ አይ አማራጭ ታበሩታላችሁ። በትንሿ ቢ አማራጭ 9 ስትሰጡት ደግሞ እንደ ቪጂኤ እያንዳንዱን ፊደል 9 ፒክስል ያሰፋዋል። ቪጂኤ ከ192 እስከ 223 ላሉት ምልክቶች 8ኛውን የፒክስል ዓምድ በ9ኛው ላይ ይደግመዋል፤ ሙሉ ብሎኮችና የሳጥን መስመሮች ሳይቋረጡ የሚገጥሙት በዚህ ነው። ጥላዎቹ ከዚህ ውጪ ስለሆኑ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ይታያል። ስህተት አይደለም፤ የዘመኑ ስክሪንም እንዲሁ ነበር።

ሥዕሉ በሞደም ፍጥነት ሲፈስ ማየት ለምትፈልጉ፣ ፒቪ የተባለው ትእዛዝ በሰከንድ የሚያልፈውን ባይት ይገድባል፤ የ2400 ሞደም በሰከንድ 240 ባይት ያህል ነው። ፒቪን ከአይኮንቭ በኋላ አስቀምጡት፣ አለበለዚያ አይኮንቭ ሁሉን አጠራቅሞ በአንዴ ይለቀዋል። በዩቲኤፍ-8 አንድ ብሎክ 3 ባይት ስለሚወስድ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ።

የሚከፈት ሥዕል ለሌላችሁ ሲክስቲን ከለርስ የተባለው ማኅደር ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ የወጡ የሥዕል ጥቅሎችን በዓመት ለይቶ አስቀምጧል። አንሲላቭ የሚሳሳትበት ፋይል ካጋጠማችሁ ለሠሪዎቹ ስትጽፉ የስክሪን ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ ያልተለወጠውን ፋይል ከነሶሱ አያይዙ፣ የተጠቀማችሁበትን የዓምድ ቁጥርና አማራጭም ጻፉ። የቫይለርን ፎንት በሥራችሁ ካወጣችሁም ስማቸውን አንሱ፤ ፈቃዱ የሚጠይቀው ነው።