የ7 ቁጥር ዳዶ ያለህ! ቬስፓዬ ከስምንት ወር በኋላ

ባለፈው እሑድ ከለገሃር ተነስቼ በቸርቺል ጎዳና ሽቅብ ወጣሁ። ከኋላዬ ታናሽ ወንድሜ ተቀምጧል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆና፣ አንዴም ሳትንተባተብ ማዘጋጃ ቤት አደረሰችን። ከስምንት ወር በፊት ይቺው ቬስፓ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ጠፍታብኝ የቀረውን ዳገት ገፍቻታለሁ። ያን ቀን አንድ የሊስትሮ ልጅ አይቶኝ፣ "ፋዘር፣ እሷ ናት እኮ አንተን መሸከም ያለባት" አለኝ። ምን ይመለስለታል?

ቬስፓ ስፕሪንት 150 የምትባል የጣሊያን ስኩተር ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት። የገዛኋት ሰባ ደረጃ አጠገብ ካለ ግቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል በከተማው ሲታገድ ሸራ ለብሳ ቆመች። በኋላ በፈቃድ መንዳት ሲቻልም የቀሰቀሳት የለም። ዶሮ ወንበሯ ላይ እንቁላል ትጥል ነበር። እማማ፣ ባለቤቷ፣ "ልጄ፣ ከነዶሮዋ ውሰዳት፤ ለምዳታለች" አሉኝ። ዶሮዋን ትቼ ወሰድኳት። የፈቃዱና የሰሌዳው ጣጣ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ልለፈው።

"ቬስፓ ጥሩ ናት ወይ?" እያላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። አክስት ጥሩ ናት ወይ እንደማለት ነው፤ እንደ አክስቷ ነው። እኔ የማወራው ስለ መለዋወጫዋ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የነዳሁት እሱን ነውና።

መጀመሪያ የከፈልኩት የቃል ዋጋ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ፣ "የባጃጅ ጎማ አለ?" አልኩ። "ሞልቷል ጋሼ" አለኝ ልጁ። አውርዶ የሰጠኝ 4.00-8 የተጻፈበት፣ የባለሦስት እግሯ ጎማ ነው። የኔዋ የምትፈልገው 3.50-10 ነው። የመጨረሻው ቁጥር የቸርኬው ዲያሜትር፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ፣ በኢንች ስለሆነ ሁለቱ በምንም ተአምር አይገናኙም። ልጁ አላጠፋም። እኛ አገር ባጃጅ ስትል ሌላ ምን ይምጣለት?

እኔ ባጃጅ ያልኩበት ምክንያት ግን ነበረኝ። የህንዱ ባጃጅ እ.ኤ.አ. እስከ 1971 በጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ሲሠራ የኖረ ኩባንያ ነው። ፈቃዱ ሲያበቃ በ1972 ቼታክ የሚል ስም አውጥቶላት በራሱ ቀጠለ። ቼታክ ደግሞ የስፕሪንት ልጅ ናት። እንደ ስፕሪንት ሁሉ የፒስተኗ ስፋት 57 ሚሊሜትር፣ ምቷም፣ ማለት ፒስተኑ የሚሄደው ርቀት፣ 57፤ 145 ሲሲ። ጣሊያን የስፕሪንትን ነገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲዘጋ፣ ህንድ ግን ዕቃዋን ለሠላሳ ዓመት ገደማ ስታመርት ኖረች። ስለዚህ ለቬስፓ ባለቤት ተስፋው ያለው ሙምባይ ነው። እኔም ከዚያ የሚመጣ የጓደኛዬን ሻንጣ ግማሽ በዕቃ ሞላሁት። ጓደኛዬ እስካሁን ሸሚዞቼ ግሪስ ግሪስ ይሸታሉ ይለኛል።

አሁን ወደ ዳዶው፣ ብሎን ላይ ወደሚጠብቀው ብረት። ቸርቺል ላይ የጠፋችብኝ ለምን እንደሆነ የታወቀው መካኒኬ የሞተሩን የቆርቆሮ ሽፋን ሲያወጣ ነው። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ከሲሊንደሩ ጋር የሚያስሩት አራት ዳዶዎች ናቸው። ሁለቱ ትክክለኛ ናቸው። ሁለቱ ላይ ግን፣ ከኔ በፊት የነካካት ሰው፣ የ8 ቁጥር ዳዶ አስገብቷል። 8ቱ እንዳይላላበት ከጣሳ ላይ ስስ ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ብሎኑ ላይ ጠቅልሎ፣ በላዩ በመዶሻ ወትፎታል። ቆርቆሮው ላይ የቲማቲም ሥዕል ግማሹ ይታያል። ሞተሯ ሲሞቅ በዚያ በኩል ትተነፍሳለች፤ ጉልበቷ ያልቃል፤ ትጠፋለች።

ሰውዬውን ልርገመው ብዬ ነበር። በኋላ ራሴ ስፈልግ ገባኝ። ቬስፓ ብዙ ቦታ ላይ የምትጠቀመው 7 ሚሊሜትር ብሎን ነው፤ ዳዶው በ11 ቁልፍ የሚፈታ። የብሎን ሱቅ ሂዱና ጠይቁ። 6 አለ፣ 8 አለ፣ 10 አለ። "7 የሚባል የለም ወንድሜ፤ 8ን ነው የምታስበው" ብሎ የመለሰኝ ባለሱቅ አለ። ናሙናውን ካሊፐር ውስጥ አስገብቼ ሳሳየው መለኪያህ ተበላሽቷል አለኝ። 6ቱ አይገባም። 8ቱ ይገባና ይዋልላል። መሃል ላይ የቀረች ቁጥር ናት።

ሦስት መንገድ ሞከርኩ። አንደኛው ምናለሽ ተራ። የአሮጌ ብሎን ክምር ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ አንዷን ደህና ዳዶ በእጄ ይዤ፣ ግማሽ ቀን ለቀምኩ። ሦስት አገኘሁ። ከምን እንደተፈቱ እግዜር ይወቅ። የአንዷ ጥርስ ግማሹ የለም። ሁለተኛው ቶርኖ ቤት ነው። ሰውዬው የ7 ጥርስ ማውጫ ነበረው፤ አንዱን በ200 ብር ሠራልኝ። ሲያዩት የሚያምር ሥራ ነው። ብረቱ ግን ለስላሳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዳዶው ራሱ ተለጥጦ ቁልፍ ላይ መዞር ጀመረ፤ አይጠብቅም፣ አይፈታም። እንዲህ ላለ ነገር ቶርኖ ቤት የምትሄዱ ከሆነ፣ ስለ ጥርሱ ከመጨነቃችሁ በፊት ከየትኛው ብረት እንደሚቆርጥ ጠይቁ። ሦስተኛው የሻንጣው ዕቃ ነው። ከህንድ የመጡት 7 ቁጥር ዳዶዎች ተራ ይመስላሉ፤ ቀለማቸውም ወጣ ገባ ነው። ግን ስድስት ወር ሆናቸው፣ በየወሩ በ11 ቁልፍ እፈትሻቸዋለሁ፣ አልነቃነቁም። ከሻንጣው ውስጥ ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ የጠቀመኝ ዕቃ ይኸው ነው።

የቀረውን በአጭር በአጭሩ ልበል።

ፓራኦሊዮ፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ፣ እና ኩሽኔታ አላስቸገሩኝም። ቁጥራቸው ላያቸው ላይ ስለተጻፈ የኩሽኔታ ሱቅ ቁጥሩን አሳይቶ መግዛት ነው፤ የቬስፓ ነው ብሎ ማስረዳትም አያስፈልግም። የፍሬን ሸራው ለሁለት ሳምንት እንደ ፍየል ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ፣ ደህና ይይዛል። የፍሪሲዮን ሽቦው አናደደኝ። በሦስተኛው ወር እጀታው ውስጥ ያለው ጫፍ ክር በክር ተበተነ፤ ያውም አራት ኪሎ መብራት ላይ። ደግነቱ ሁለት ነበር ያስመጣሁት። የወለሉ ላስቲክ አንድ ክረምት ሳይሞላው ተሰነጣጠቀ። የ6 ቮልት አምፖሎቹ ይሠራሉ፤ ግን ማታ መንገዱን የሚያሳዩኝ የሌሎች መኪና መብራቶች ናቸው።

ደስ ያለኝ ነገር ቋንቋው ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፤ ጋራዥ ውስጥ የምንለው ሁሉ ለጣሊያኗ ልክ ነው። የዕቃውን ስም ከጣሊያንኛው ዝርዝር ሳነብለት መካኒኬ ዞሮ ሳያይ ይጠቁመኛል። ክሮቼራ ላይ ግን ተሸወድን። ሁለተኛ ማርሽ እየዘለለች ስትወጣብኝ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም ክሮቼራ ሆነ። ሄጄ ክሮቼራ ስል የከባድ መኪና አክስል ላይ የሚገባውን፣ ሁለት ኪሎ የሚመዝነውን ብረት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልኝ። የቬስፓዋ ክሮቼራ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መስቀል ናት። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር በጥርሶቹ መሃል ወዲህ ወዲያ ትላለች። ጫፎቿ ሲዶለዱሙ ማርሹን መያዝ ያቅታታል። የህንዷን አስገባሁ። አራት ወር ቆየችና ጫፎቿ እንደ ከረሜላ ሟሙ። አሁን ያለችው በዘመድ በኩል ከጣሊያን የመጣች ናት፤ ዋጋዋ የሦስት እጥፍ ያህል ነው። ሞተር ከፍቶ መዝጋት ሁለት ቀን የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ እዚህች ላይ መቆጠብ ሞኝነት ነበር፤ የኔ ሞኝነት።

ካርቡራቶሩ ደግሞ የአዲስ አበባን ከፍታ አያውቅም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ከህንድ ከነጂግሌው፣ ቤንዚን ከሚያሳልፈው ባለቀዳዳ ብረት ጋር፣ የመጣው ካርቡራቶር ለባሕር ዳርቻ አገር የተለካ ስለሆነ ቤንዚን አበዛ። ካንዴላዋን ባወጣሁ ቁጥር ጥላሸት። ጂግሌው ላይ 105 ይላል፤ ቀዳዳው 1.05 ሚሊሜትር ማለት ነው። 100 ሳስገባበት ካንዴላዋ የተቆላ ቡና መሰለች። ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለውን የሞተር ዘይት በተመለከተ፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊሊትር፣ በመርፌ ለክቼ መጀመሪያ ታንኩ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ከዚያ ቤንዚኑ ይወርድበታል። ማደያ ላይ መርፌ ሳወጣ የሚያዩኝ ዓይኖች መቼም አይለመዱም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ አጠገቡ ቁሙ። የቬስፓ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ነው፤ በራሱ ዳዶዎች የተጣበቀ። እግሯን ለመፍታት የሚፈቱት መሃል ያሉት አምስቱ ናቸው። ጊዮርጊስ አካባቢ ያገኘሁት ልጅ፣ ንፋሱ በሙሉ ውስጥ እያለ፣ ቁልፉን ግማሾቹን የሚይዙት ላይ አሳርፎ ሊጠመዝዝ ሲል ነው የጮህኩት። ንፋስ ያለበት ቸርኬ እንደዚያ ከተፈታ ብረቱ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ልጁ ደንግጦ፣ "ጋሼ፣ ምን ሆንክ?" አለኝ። ካላማዳሪውን አስተንፍሰን በዝግታ ከፈትነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቬስፓ ሲመጣለት "እንዳስተማርከኝ ነው የምሠራው" ይለኛል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ የህንዱን ሻንጣ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ሽቦው፣ ላስቲኩና ክሮቼራው አንድ ተኩሉን በሉበት። ወጪውን ደምሬ አላውቅም፤ ባለቤቴ እንዳትደምረው ደረሰኞቹን ጎን ሽፋኗ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

የቀረኝ ክላክስ ነው። የመጀመሪያው ባለ 6 ቮልት ክላክስ የታመመ በግ ይመስላል፤ ፒያሳ ላይ ማንም አይሰማውም። 7 ቁጥር ዳዶ አሥራ አንድ ትርፍ አለኝ። ደህና የሚጮህ የ6 ቮልት ክላክስ ያለው ሰው ካለ፣ አሥሩን ሰጥቼ እለውጣለሁ። አንዷን ለናሙና እይዛታለሁ።