ለአሮጌ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የሚሆን ኔትወርክ ካርድ፦ መሀል አዲስ አበባ ላይ የሚገኙት ሲገመገሙ

ማተሚያ ቤት፣ ዱቄት ፋብሪካ ወይም የትልቅ ሕንፃ ማሽን ክፍል ብትገቡ ዊንዶውስ 2000 ወይም ኤክስፒ የያዘ ኮምፒውተር ዛሬም ሥራ ላይ ታገኛላችሁ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ፒኤልሲውም (የፋብሪካውን ማሽን በቀጥታ የሚያዘው መቆጣጠሪያ) ደህና ነው፤ የሞተው ሁለቱን የሚያገናኘው ካርድ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት «ሲስተሙ በሙሉ ይቀየር» የሚል ፕሮፎርማ ሲመጣላችሁ ለመፈረም አትቸኩሉ። ተስማሚው ካርድ ከተገኘ የመቀየሩ ሥራ በግማሽ ቀን ያልቃል። ተስማሚ የምንለው ስሎቱ (ማዘርቦርዱ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ቦታ)፣ አሮጌው ዊንዶውስና ፒኤልሲው ሦስቱም የሚቀበሉትን ነው። ፍጥነቱና አዲስነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ከታች ያሉትን ካርዶችና መሸጫ ቦታዎች የመዘንናቸው በዚሁ ነው።

የት ይገዛ?

ቸርችል ጎዳና፣ ሜክሲኮና ቦሌ መንገድ ካሉ ኮምፒውተር ቤቶች ገብታችሁ «ፒሲአይ ኔትወርክ ካርድ አለ?» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣላችሁ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ነው። በገበያው ሁለቱም «ፒሲአይ» እየተባሉ ይጠራሉ፤ አንዱ በሌላው ስሎት ግን ፈጽሞ አይገባም። የድሮው ፒሲአይ ስሎት ርዝመቱ 8.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ትንሹ የኤክስፕረስ ስሎት 2.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የተበላሸውን ካርድ በእጃችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ሁሉ ንግግር ይቀራል። የእነዚህ ቤቶች ጥሩነት ደረሰኝ መስጠታቸውና ዕቃው ካልሠራ መልሰው መቀበላቸው ነው፤ መመለስ የሚቻልበትን ቀን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ከተበተኑ ኮምፒውተሮች የወጡ ካርዶች ይገኛሉ። ማሽናችሁ አይኤስኤ ስሎት (ከፒሲአይ የቀደመው ዓይነት) ያለው ወይም ዊንዶውስ ኤንቲ 4 (ከ2000 የቀደመው) የሚያስነሳ ከሆነ ከሌሎቹ ሁሉ የሚሻለው ቦታ ይህ ነው፤ አዲስ የአይኤስኤ ካርድ ማንም መደርደሪያ ላይ የለውምና። ከተቻለ ካርዱን ብቻ ከመግዛት አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳለ ግዙት። ካርዱ ሲሠራ አይታችሁ ትወስዳላችሁ፤ ፓወር ሰፕላዩና ራሙም መለዋወጫ ይሆናሉ።

ሦስተኛው መንገድ በአስመጪ ማዘዝ ነው፤ ለፕሮፊባስና ለሞድባስ ፕላስ (ኮምፒውተርን ከፒኤልሲ ጋር ለሚያገናኙ የፋብሪካ ኔትወርኮች) ካርዶች ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እየተወሰነ ስለሆነ ፕሮፎርማው የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ነው። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ሲሰበስብ ዝርዝሩ ላይ «ኔትወርክ ካርድ» ብቻ ከተጻፈ ርካሹ ያሸንፋል፤ ርካሹ ደግሞ የማይሠራው ነው። የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር፣ የስሎቱን ዓይነትና የዊንዶውሱን ስም ጥገና ክፍሉ ራሱ ይጻፍ።

የኤተርኔት ካርዶች

ሪልቴክ 8139 ርካሽ ነው፣ በብዛትም ይገኛል። ዊንዶውስ 2000 እና ኤክስፒ ያለ ተጨማሪ ዲስክ ያውቁታል፤ ለኤንቲ 4ም ድራይቨር (ዊንዶውሱ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም) አለው። ድክመቱ መረጃውን የማዘዋወር ሥራ ፕሮሰሰሩ ላይ መጣሉ ነው፤ ፔንቲየም 2 ላይ ትልልቅ ፋይል ሲተላለፍ ስክሪኑ ይጎተታል። ከፒኤልሲ በየሰከንዱ ጥቂት ቁጥሮች ለሚያነብ ኮምፒውተር ግን ከበቂ በላይ ነው። ይህን ቺፕ ይዘው የሚመረቱ ካርዶች ጥራታቸው እኩል አይደለም፤ የሶኬቱን ብየዳ ገልብጣችሁ ሳታዩ አትግዙ።

ስሪኮም 905 የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው፤ ኩባንያው በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ ኤችፒ ተጠቃሏል። ለኤንቲ 4 ማሽን የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። ፕሮሰሰሩን አያስቸግርም፤ ድራይቨሩም ከኤንቲ እስከ ኤክስፒ ለዓመታት የተፈተነ ነው።

ኢንቴል ፕሮ 1000 ጂቲ ለኤክስፒ ማሽን ከሦስቱ የተሻለው ነው። ፒሲአይ ካርድ ሆኖ በጊጋ (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) ይሠራል፣ በ3.3 እና በ5 ቮልት ስሎት ሁለቱም ይገባል፣ የድራይቨሩ ማስተካከያም ሰፊ ነው። ድራይቨሩን አስቀድማችሁ በሲዲ ያዙ፤ ካርዱ ሳይነሳ ከኔትወርክ ማውረድ አይቻልም። ሐሰተኛ የኢንቴል ካርድ በዓለም ገበያ ስላለ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ የማክ አድራሻውን (የካርዱን መለያ ቁጥር) ያሳያችሁ። ካርዱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ካልተመሳሰለ ተዉት።

ስለ ቮልቱ ጥቂት እንጨምር። የአሮጌ ማዘርቦርዶች ፒሲአይ ስሎት በአብዛኛው 5 ቮልት ነው። የካርዱን የመዳብ ጥርስ ስታዩ ከብረት ማሰሪያው ራቅ ያለ አንድ ክፍተት ብቻ ካለው የ5 ቮልት ነው፤ ክፍተቱ ወደ ማሰሪያው የቀረበ ብቻ ከሆነ የ3.3 ነው፣ እዚያ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ሁለት ክፍተት ያለው በሁለቱም ይሠራል። ከሰርቨር የወጡ አንዳንድ ካርዶች 3.3 ብቻ ናቸው። አልገባ ያለ ካርድ በጉልበት አይገፋም።

የጊጋ ካርድ አሮጌ ኬብል ላይ ሲሰካ የሚመጣው ችግር ብዙ ሰው ያደክማል። በ100 ሜጋ ዘመን ከተዘረጉት ኬብሎች ብዙዎቹ ሁለት ጥንድ ሽቦ ብቻ የታሰረባቸው ናቸው። ካርዱና ስዊቹ ሁለቱም ጊጋ ከሆኑ በጊጋ ይስማማሉ፤ የቀሩት ሁለት ጥንዶች ግን ስለሌሉ መብራቱ እየበራ ይጠፋል። የኢንቴሉ ካርድ ብዙ ጊዜ ሞክሮ ራሱ ወደ 100 ይወርዳል። ሌሎቹ ካልወረዱ መሀል ላይ የ100 ሜጋ ስዊች ማድረግ ይበቃል። ካርዱን ብቻ «100 ፉል» (በ100 ሜጋ፣ መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ) ብሎ መቸንከር ግን ሌላ ጣጣ ይጠራል። ስዊቹ አውቶ (ራሱ የሚመርጥበት) ላይ ስለሆነ ራሱን ሃፍ ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክ ወይም መቀበል ብቻ) ያደርጋል፤ ትንሽ ፒንግ (የሙከራ መልእክት) ያልፋል፣ ብዙ መረጃ ሲመጣ ግንኙነቱ ይንተባተባል። ወይ ሁለቱም ወገን አውቶ ይሁን፣ ወይ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ይቸንከር።

መስመሩ ገና በኮአክሲያል ኬብልና በቢኤንሲ (ክብ አያያዥ) ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ቢኤንሲ ያለው አሮጌ ካርድ ነው። ኬብሉና ጫፉ ላይ የሚገባው ተርሚኔተር (የመስመር መዝጊያ) 50 ኦም መሆን አለባቸው። በከተማው ሞልቶ የሚሸጠው የካሜራ ኮአክሲያል 75 ኦም ነው፤ አያያዡ ስለሚገጥም ትክክል ይመስላል፣ ኔትወርኩን ግን ያናጋዋል።

ፒኤልሲው የማያውቀው አዲስ ካርድ

ካርዱ ተነስቷል፣ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር ፒንግ ይሠራል፣ የኦፕሬተሩ ስክሪን ግን ባዶ ነው። ይህ ሲሆን ወደ ማክ አድራሻው ሂዱ። በሲመንስ ኤስ5 እና በቀደሙት ኤስ7 ፒኤልሲ ተከላዎች ላይ ያለው ኤች1 የሚባል ግንኙነት አይፒ አይጠቀምም፤ ፒኤልሲው ኮምፒውተሩን የሚያውቀው በማክ አድራሻው ብቻ ነው። አዲስ ካርድ ማለት አዲስ ማክ ስለሆነ ፒኤልሲው የሚጠራው የሌለን ሰው ነው። አንዳንድ የስካዳ (የኦፕሬተሩን ስክሪን የሚያሠራ) ሶፍትዌር ፈቃዶችም ከማክ ጋር የታሰሩ ናቸው።

መፍትሔው ሁለት ነው፦ የፒኤልሲውን ፕሮግራም መቀየር፣ ወይም የድሮውን ማክ ለአዲሱ ካርድ መስጠት። ፒኤልሲውን ከመንካት ሁለተኛው ይሻላል። በካርዱ ድራይቨር አድቫንስድ ገጽ ላይ ኢንቴል «ሎካሊ አድሚኒስተርድ አድሬስ»፣ ሪልቴክ «ኔትወርክ አድሬስ» የሚል መስመር አላቸው፤ 12ቱን ምልክቶች ያለ ሰረዝ አስገቡ። የሞተው ካርድ ማክ ከተለጠፈበት ወረቀት ወይም ከፒኤልሲው ፕሮጀክት ይገኛል። የሲመንስ ካርዶች ማክ አብዛኛውን ጊዜ በ08-00-06 ይጀምራል። ይህ መስመር የሌለው ድራይቨር ያለው ካርድ ለኤች1 ኔትወርክ ቢረክስም አይጠቅምም።

የፕሮፊባስ ካርዶች

ሲመንስ ሲፒ 5611 ሲሞት ተተኪው በፒሲአይ ሲፒ 5612፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ሲፒ 5622 ነው። 5612 ጥሩ ካርድ ነው፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑ ላይ ያለው የሲመንስ ሶፍትዌር ያውቀው እንደሆነ አረጋግጡ። አሮጌው ስቴፕ 7 ወይም ዊንሲሲ በዝርዝሩ ላይ 5612 የሚል ከሌለው ካርዱ ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ላለው ማሽን ያገለገለ 5611 መፈለግ ይመረጣል። ካርዱ ከተቀየረ በኋላ «ሴት ፒጂ ፒሲ ኢንተርፌስ» ውስጥ ኤስ7 ኦንላይን የሚለው ወደ አዲሱ ካርድ ይዙር። ዊንሲሲ ውስጥ ደግሞ የቻነሉ ሎጂካል ዲቫይስ ስም ራሱን ችሎ መቀየር አለበት፤ ይህ ተረስቶ ካርዱ ተበላሽቷል ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ሲፒ 5613 ያላችሁ ደግሞ በቁጥሩ መቀራረብ እንዳትታለሉ። 5613 የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ካርድ ነው፤ 5611 እና 5612 ሥራውን ለኮምፒውተሩ ይተዋሉ። ሶፍትዌሩም ፈቃዱም የተለየ ስለሆነ አንዱ በሌላው አይተካም። የ5613 ተተኪ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 5623 ነው።

በዩኤስቢ የሚሰካው ሲፒ 5711 ለላፕቶፕ ፕሮግራም መጫኛ ያስደስታል፤ ለቋሚ ተከላ ግን አንመርጠውም። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ፖርቱን ካጠፋው ግንኙነቱ ይቆረጣል። የግድ ከሆነ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ይህን ፈቃድ አንሱበት። ኤንቲ 4 ዩኤስቢ ስለማያውቅ እዚያ ላይ ማሰብም አያስፈልግም።

ካርዱን ከመወንጀላችሁ በፊት ኬብሉን ለኩ። ኃይል ጠፍቶ፣ ማገናኛዎቹ ከመሣሪያዎቹ ተነቅለው፣ ተርሚኔተሩ በሁለቱ ጫፎች ብቻ በርቶ ከፒን 3 እስከ ፒን 8 ያለው 110 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። 220 ካነበባችሁ አንዱ ጫፍ ተርሚኔተር የለውም፤ ወደ 73 ከወረደ መሀል ላይ ሦስተኛ በርቷል።

የሞድባስ ፕላስ አይኤስኤ ካርዶች ላይ የጣቢያው ቁጥር በካርዱ ላይ ባሉ ትንንሽ ማብሪያዎች ይወሰናል፤ ከ1 እስከ 64 ነው። የድሮውን ካርድ ማብሪያዎች በስልክ ፎቶ አንሱና አዲሱን ያንኑ አድርጉት።

ሲቀየር

ለዓመታት ሳይጠፋ የሠራ ሃርድ ዲስክ አንዴ ከቀዘቀዘ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ቢያንስ የፕሮጀክት ፋይሎቹንና ፈቃዶቹን ቅዱ፤ ከተቻለ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ውሰዱ። አይፒውን፣ ማስኩን፣ ማኩንና የድራይቨሩን ማስተካከያ ገጾች በሙሉ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አሮጌውን ካርድ ከዲቫይስ ማኔጀር አንኢንስቶል አድርጉ። ይህ ካልተደረገ ኤክስፒ የተነቀለውን ካርድ ደብቆ ያስቀምጠዋል፤ ለአዲሱ ያንኑ አይፒ ስትሰጡት ቁጥሩ በሌላ ካርድ ተይዟል ይላችኋል።

የኃይል ገመዱ ከግድግዳ ይነቀል፤ ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ማዘርቦርዱ ላይ የቀረ ኃይል አለ። አዲሱ ካርድ በዚያው ስሎት ይግባ፣ አይአርኪው (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ቁጥር) እንዳይቀየር። የካርዱን ጥርስ በአልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ላጲስ መዳቡ የተቀባበትን ወርቅ ይፍቀዋል።

ኤንቲ 4 ላይ ከኔትወርክ ክፍሎቹ አንዱ ከዊንዶውሱ ሲዲ ከተጫነ ሰርቪስ ፓክ 6ኤ (የማይክሮሶፍት ማሻሻያ) እንደገና መጫን አለበት። ሲዲው አሮጌ ፋይሎች መልሶ ስለሚጽፍ ያለዚህ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል።

በዚሁ አጋጣሚ የማዘርቦርዱን 2032 ባትሪ ቀይሩ። ባትሪው ደክሞ መብራት ሲጠፋ ባዮሱ ለአይኤስኤ ካርድ የተያዘውን አይአርኪው ይረሳል፤ መብራት ሲመለስ ካርዱ የሞተ ይመስላል። ፋኑንና ማጣሪያውንም አጽዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ብዙ የኢንዱስትሪ ዕቃ ደግሞ ሙሉ አቅሙ የተሰጠው እስከ 2000 ሜትር ነው። ስስ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም።

ለመፈተሽ ተራ ፒንግ አትመኑ። በ1472 ባይት፣ ሳይከፋፈል ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ወደ ፒኤልሲው ወይም ወደ ሰርቨሩ ላኩ፤ በመሀሉ ማሽኑ በሙሉ ጭነት ይሥራ፣ ትልቁ ሞተርም ይነሳ ይቁም። ሞተሩ ሲነሳ ብቻ የሚጠፋ ፓኬት ካለ ኬብሉንና ግራውንዱን ፈልጉ፤ ካርዱን መልሳችሁ አታውጡ።

ስትገዙ ሁለት ግዙ። ሁለተኛው ፀረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ ድራይቨሩ በሲዲ፣ የማኩና የአይፒው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከፓነሉ በር ውስጥ በኩል ይቀመጥ። ያገለገለ ከሆነ መለዋወጫውንም ማሽኑ ላይ ሰክታችሁ ፈትኑት፤ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ።