ከሕንድ የመጣውን የቲክ በር ገጥሜ አየሁት

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛዬ ጎንደር፣ ቀሐ ኢየሱስ አካባቢ ለሚሠራው የእንግዳ ማረፊያ በር ግጠምልኝ ብሎ ጠራኝ። ቲክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ሁለት ሳንቃ ነው። ከሕንድ አሮጌ ቤት ተነቅሎ፣ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ የመጣ። 185 ሺህ ብር ከፍሎበታል። ለአራት ሆነን ነው ያወረድነው።

ሻጩ የቼቲናድ ነው ብሎታል። ቼቲናድ ደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ነው። ቼቲያር የሚባሉት ነጋዴዎች በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ውስጥ ገንዘብ እያበደሩ ከበሩ፤ በበርማ ቲክም ትልልቅ ቤቶች ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን በርማን ስትይዝ ብዙ ሀብት አጡ። ወራሾች ተበተኑ፣ ቤቶቹ እየፈረሱ እንጨታቸው ይሸጣል።

እንጨቱ እውነተኛ ቲክ ነው። ከታች ትንሽ ስቆርጠው ቆዳ ቆዳ ሸተተኝ። ሰጋቱራው እጅ ላይ ቅባት ይላል። ምስጥ የማይደፍረውም በዚሁ ቅባት ነው። መጋዜን ግን ቶሎ አደነዘው፤ ቲክ ውስጥ ሲሊካ የሚባል እንደ አሸዋ ያለ ጠጣር ነገር አለ። የኛ ዋንዛ ለመጋዝ የዋህ ነው።

ቅርጹ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሐረጉ የብራና መጽሐፍ ሐረግ አስታወሰኝ። አንዱ ቅጠል ከሌላው ጋር አንድ አይደለም፤ በእጅ መፈልፈሉ ያስታውቃል። ማጠፊያም የለውም። ከሳንቃው ላይና ታች የወጣው ጉጥ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይዞራል። አባቴ በልጅነቴ አንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን በር እንዲሁ ሲዞር አሳይቶኝ ነበር። በጣም ደስ አለኝ።

ያናደደኝ ሌላ ነው። መቃኑና ጉበኑ የሉም። የቼቲናድ በር ክብሩ ጉበኑ ላይ ነው፤ የሂንዱዎች አምላክ ላክሽሚ በሁለት ዝሆኖች መሃል ተቀምጣ የምትቀረጽበት ብዙ ነው። ነጥለው ሸጠውታል መሰለኝ። የግራው ሳንቃ የታችኛው ስንዝር ደግሞ አዲስ እንጨት ሆኖ ተገኘ። በስቱኮና በጥቁር ቫርኒሽ ሸፍነውታል። መጠገን ነውር አይደለም። መደበቁ ነው ነውሩ። ሰውዬው ለአሮጌ እንጨት ነው የከፈለው።

ቫርኒሹን ፍቄ ለማውረድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መቃኑን በዋንዛ ሠራሁት፣ ቲክ ላስመስለው አልሞከርኩም። እንዲህ ያለ በር የምትገዙ ካላችሁ፣ መቃኑን አብራችሁ ጠይቁ። ጀርባውን አገላብጣችሁ እዩ። የታችኛውን ጫፍ በምስማር ጫር አድርጉት። ድፍን ጥቁር ቫርኒሽ ካያችሁ ምን እንደሸፈነ ሳይነገራችሁ ብር አትቁጠሩ።

አሁን በአንድ ጣት ሲገፋ ያለድምፅ ይዞራል። ደንበኛዬ የተጠገነውን ስንዝር ቀለም ቀባልኝ ብሎኝ ነበር። እንዳለ ይታይ አልኩት። ተስማማ።