ለዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ታካሚ አሲድ ሲበዛ፦ ኪኒን ወይስ የማሽኑ ባይካርቦኔት?

አሲድ ደም ውስጥ ሲከማች ጡንቻ ይመነምናል። ከዲያሊሲስ በፊት በደም ውስጥ የሚለካው ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያከስመው ንጥረ ነገር) በሊትር ከ22 ሚሊሞል በታች ከወረደ ሁለት መንገድ አለ።

የሶዲየም ባይካርቦኔት ኪኒን፦ ርካሽ ነው፤ በየቀኑ ይሠራል። ጣጣው ሶዲየሙ ነው። አንዷ የ650 ሚሊግራም ፍሬ ወደ 178 ሚሊግራም ሶዲየም አላት። ውሃ ያስጠማል፣ ሆድ ይነፋል።

የማሽኑን ፈሳሽ ባይካርቦኔት ማሳደግ፦ የሚዋጥ ነገር የለም። ከልክ ካለፈ ግን ፖታሲየም ቶሎ ይወርዳል፤ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

በአንዱና በሌላው እጥበት መሃል ሰውነቱ ውሃ ለሚይዝ ማሽኑ ይሻላል። ሆድ ውስጥ በሚገባ ፈሳሽ ለሚታጠብ (ፔሪቶኒያል ዲያሊሲስ) ኪኒኑ ይቀላል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ፕሮቲን ሲፈጭ አሲድ ይወጣዋልና፣ ያንን ፈርቶ ፕሮቲን መቀነስስ? አይሆንም። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ያስፈልጋል። እንዲያውም የባይካርቦኔቱ ቁጥር «ያማረው» ታካሚው መብላት ስላቆመና አሲዱ ስለቀነሰ ሊሆን ይችላል።