«ያው ነው» ላለኝ ሻጭ፦ የኦክሲጅን ሴንሰሬ ዘጠነኛ ወር

ባለፈው ቅዳሜ ነዳጅ ሞልቼ የኪሎ ሜትር ደብተሬን ስከፍት ደስታዬ ወሰን አጣ። ከተገጠመ ዘጠነኛ ወሩን የያዘው ኦክሲጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን ለክቶ ነዳጁ መብዛት ማነሱን ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚነግር ዕቃ) መኪናዬን ዛሬም ከተማ ውስጥ በ8 ሊትር ከምናምን ቤንዚን 100 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል። አምና በዚህ ወቅት 11 ሊትር ተኩል ትጨርስ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ርካሹን ሴንሰር ከዋናው ጋር «ጋሼ፣ ያው ነው፤ ልዩነቱ ስሙ ላይ ብቻ ነው» ላለኝ ልጅ ነው። ያው አይደለም፣ ልጄ።

መኪናዬ የ2004 ስሪት ኮሮላ ናት። ከ260 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች፤ በእርሷ ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። የመጀመሪያው ሴንሰርም ዕድሜውን ጨርሶ ነው የደከመው። ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

በመጀመሪያ የሞተሩ ቢጫ መብራት በራ። ቀጥሎ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ጀመር፤ የትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ሚኒሞዋ (ቆማ ሳለች የሞተሩ ዙር) ይዋዥቃል። አንዱ ጋራዥ ካንዴላ ቀየረ፣ ሌላው የአየር ፊልትሮ ቀየረ፣ ሦስተኛው «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ነው» ብሎ አሰናበተኝ። ከሁሉም ያናደደኝ ይህ ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗ እውነት ነው፤ ነገር ግን መኪናዋ እዚሁ ከተማ ከእኔ ጋር 11 ዓመት ስትኖር እንዲህ ሆና አታውቅም። ደግሞስ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በዝቶ እንደሆነ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ይኸው ሴንሰር አይደለም?

መፍትሔው የተገኘው ከደብተሬ ነው። ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ስሄድ ፍጆታዋ እንደ ወትሮው ነው፤ ከመገናኛ ሜክሲኮ በየቀኑ ስመላለስ ግን ቤንዚኑ ይጠፋል። አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይህን ሲያነብ ገና የኮምፒውተር መመርመሪያውን ሳይሰካ «ማሞቂያው ሳይሞት አይቀርም» አለኝ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ አፌን ከፍቼ ሰማሁት። የሴንሰሩ ጫፍ በትክክል የሚናገረው ወደ 300 ዲግሪ ሲሞቅ ነው፤ ለዚህም ውስጡ ትንሽ ማሞቂያ አለው። ረጅም መንገድ ላይ የጭሱ ሙቀት ብቻውን ይበቃዋል። ትራፊክ ውስጥ ግን ይቀዘቅዝና ዝም ይላል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ በግምት ይመግባል፣ ግምቱም ወደ ብዙ ነዳጅ ያደላል።

መመርመሪያው ፒ 0135 የሚለውን ኮድ አወጣ፤ የፊተኛው ሴንሰር ማሞቂያ መስመር ማለት ነው። ወጣቱ ባለሙያ ግን «ሂድና ግዛ» አላለኝም። አስቀድሞ ፊውዙን አየ። ሶኬቱን ነቅሎ ከመኪናዋ በኩል 12 ቮልት መምጣቱን አረጋገጠ። ከዚያ ሁለቱን የማሞቂያ ገመዶች በመልቲሜትር ለካ፤ ጤነኛ ማሞቂያ ጥቂት ኦም ያሳያል፣ የእኔ ምንም አላሳየም። የተበጠሰ ገመድ ወይም የተቃጠለ ፊውዝም ይህንኑ ኮድ ያመጣል። ኮዱን ብቻ አንብቦ ሴንሰር የሚያስገዛችሁን ባለሙያ እባካችሁ «ለካኸው ወይ?» በሉት።

እዚህ ላይ ተሳሳትሁ። በ3,200 ብር «ለሁሉም መኪና የሚሆን» የተባለውን፣ ሶኬት የሌለውን ሴንሰር ገዛሁ፤ በቅርብ ያገኘሁት ጋራዥም የድሮውን ገመድ ቆርጦ በመጠምጠምና በፕላስተር ቀጠለው። በመኪናዬ የድሮ የጃፓን ሴንሰር የማሞቂያው ገመዶች ሁለቱ ጥቁሮች ናቸው፤ በሌሎች ብዙ ስሪቶች ደግሞ ማሞቂያው ሁለቱ ነጮች ሲሆኑ ጥቁሩ መልእክት አስተላላፊ ነው። ቀለም ከቀለም እያገናኘ የሚቀጥል ሰው 12 ቮልቱን ወደ መልእክቱ መስመር ይልከዋል። የእኔ ከዚህ ተርፏል፤ ነገር ግን ብዙ ሴንሰሮች ከጭሱ ጋር የሚያነጻጽሩትን ንጹሕ አየር የሚስቡት በገመዱ ውስጥ ስለሆነ፣ የተጨማለቀ ቅጥያ ሴንሰሩን ያፍነዋል። በስድስተኛው ሳምንት መብራቱ ተመልሶ በራ። ንባቡ 0.4 ቮልት አካባቢ ደርቆ ቀርቷል።

አሁን ያለው ዴንሶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሥራ ነው። ዱባይ የምትኖረው እህቴ ከነሶኬቱ ላከችልኝ፤ 9,400 ብር ወጣበት። ማታውኑ ክሩ ላይ ማላቀቂያ ዘይት ነፋን፤ ጠዋት ሞተሩን ለብ አድርገን ገመዱን በሚያሳልፍ 22 ቁጥር ቁልፍ ፈታነው። በመዶሻ እንዲመታ የጠየቀኝን ረዳት ከልክያለሁ፤ ክሩ ከተበላ ወጪው ሌላ ነው። አዲሱ ክሩ ላይ የፋብሪካ ቅባት አለው፤ ጫፉን ቅባትም ሆነ ጣት አልነካውም። ሞተሩ ሲሞቅ ንባቡ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየወጣ እየወረደ ሲጨፍር ወጣቱ ባለሙያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

«ጋሼ፣ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው» ትለኝ ይሆናል። እንቁጠረው። በወር 900 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፤ ወደ 30 ሊትር ተርፎልኛል። አንድ ሊትር ከ100 ብር በላይ በሚሸጥበት በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ በሦስት ወር አካባቢ ዋጋውን መልሷል። ያንተ 3,200 ብር ግን እንደወጣ ቀረ። በዚያ ላይ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው ሲወርድ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ያነድደዋል፤ እርሱን መግዛት ለእኔ የሚታሰብ አይደለም።

ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር አሁንም የፋብሪካው ነው። እርሱም አንድ ቀን ይደክማል። ያን ጊዜ ባንኮኒህ ላይ የማስቀምጠው የነቀልሁትን ከነሶኬቱ ነው፤ ገመድ ሳይቆረጥ የሚገጥም ካለህ አውጣው፣ ከሌለህ ለእህቴ እደውላለሁ።