ፒችትሪን አዲስ ላፕቶፕ ላይ ያስነሳልኝ ቨርቹዋልቦክስ

ሥራዬ የሰው ሒሳብ መያዝ ነው። ደንበኞቼ ሱቆችና ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው። የብዙዎቹ የቆየ መዝገብ ያለው ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። ባለቤቱ ሴጅ ኩባንያ ስሙን ሴጅ 50 ካለው ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ጋ ግን አሁንም ፒችትሪ ነው። የኔው በድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተሠራ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 ያለው አዲሱ ላፕቶፔ ላይ አልጫን አለ።

ጥገና ቤት ስጠይቅ «ፎርማት አድርገን ሰቨን እንጫንልህ» አሉኝ። እባካችሁ ይህን ምክር አትቀበሉ። ዊንዶውስ 7 የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። መጫኛው ዩኤስቢ 3ን አያውቅም፤ ገና ሳይጀመር ማውሱ ይቆማል። አዲሶቹን ኤንቪኤምኢ ዲስኮችም እንዳለ አያያቸውም። በስንት መከራ ቢጫን እንኳ የዋይፋዩንና የስክሪኑን ድራይቨር ከየት ታመጣላችሁ? ኤክስፒማ ከዚህም ይብሳል።

የኔ መፍትሔ ቨርቹዋልቦክስ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ 11ን አይነካም። በውስጡ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ይከፍታል፤ ኤክስፒ የሚጫነው እዚያ ነው። የሚያየው ዕቃ ሁሉ የሚያውቀው የድሮ ዕቃ ስለሆነ ያለ ጭቅጭቅ ይነሳል። የኦራክል ነው፤ ዋናው ፕሮግራም ለሥራም ቢሆን በነፃ ነው። የኤክስፒው ሲዲና ቁልፍ ግን የራሳችሁ መሆን አለበት። እኔ 1 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ዲስክ ሰጠሁት፤ ለፒችትሪ ይተርፋል። መጀመሪያ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ገብታችሁ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው መከፈቱን እዩ። «ገስት አዲሽንስ» የሚለውንም መጫን አትርሱ፤ ስክሪኑ የሚስተካከለውና የጋራ ፎልደር የሚሠራው በእሱ ነው።

ከመስኮቱ ግርጌ ትንሽ የኤሊ ምልክት ካያችሁ ሃይፐር-ቪ የሚባለው የዊንዶውስ 11 የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ክፍል ፕሮሰሰሩን ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው፤ አንዳንዱ የዊንዶውስ መከላከያም በእሱ ነው የሚሠራው። ፍጥነቱ ይቀንሳል። እኔ ግን ለዚህ ብዬ የዊንዶውስን መከላከያ አላጠፋም። ፒችትሪ ከነኤሊውም በደንብ ይሠራል።

በጣም የወደድኩት ስናፕሾቱን ነው፤ የውስጡን ኮምፒውተር የዚያን ሰዓት ሁኔታ እንዳለ ያስቀምጣል። የበጀት ዓመት መዝጋት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሒሳብ ሰው ያውቀዋል፤ አንዴ ከተዘጋ መመለሻው ከባድ ነው። ከሰኔ 30 በኋላ ለመዝጋት ስቀመጥ መጀመሪያ ስናፕሾት አነሳለሁ። የሆነ ነገር ከተበላሸ የውስጡ ኮምፒውተር በሙሉ ወደነበረበት ይመለሳል። መብራት ሲጠፋም ባትሪው ሳያልቅ «ሴቭ ስቴት» እላለሁ፤ በማግስቱ ያቆምኩበት መስመር ላይ ይከፈታል። ስናፕሾት ግን ባክአፕ አይደለም። ላፕቶፑ ከተሰረቀ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የውስጡ ኮምፒውተር የተቀመጠበትን ፎልደር ሙሉውን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ኤክስፒውን ኢንተርኔት ላይ አታውጡት። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ነው። ከሴቲንጉ ኔትወርኩን አጥፉት። የደንበኛ ፍላሽም በቀጥታ አትስጡት፤ የሾርትከት ቫይረስ ስንቱን ቢሮ እንዳመሰ እናውቃለን። ፍላሹ መጀመሪያ ዊንዶውስ 11 ላይ ይፈተሽ፣ ከዚያ ፋይሉ ብቻ በጋራ ፎልደር ይግባ። የሰው ደሞዝና የሰው ገቢ ነው የያዝነው።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በሕትመት ነው። አዲሱ ፕሪንተሬ የኤክስፒ ድራይቨር የለውም፤ ስለዚህ ሪፖርቱን በፒዲኤፍ አውጥቼ፣ በጋራ ፎልደር አሻግሬ፣ ከዊንዶውስ 11 አትማለሁ። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ይህ ይሰለቻል።

ኤም ቺፕ ያለው ማክ የያዛችሁ ደግሞ ባትደክሙ ይሻላል፤ እዚያ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ኤክስፒን አያስነሳም።